የመኩሪያ አንቴናና የመርማሪዋ ጥያቄ

አንድ መኩሪያ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ በአንዲት ዳገታማ ከተማ ይኖር ነበር። እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን የተቆለፈ ሰው ነው። ሬዲዮ ጠግኖ ሲመልስ፣ «ምኑ ነበር የተበላሸው?» ብሎ የሚጠይቀው ደንበኛ ቢኖር፣ «አሁን ይሠራል» ብቻ ብሎ ወደ ሥራው ይዞራል። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ሰፈር የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ደህና አድርጋችሁ ፈልጉ።

በዚያች ከተማ የውሃ ቆጣሪዎች በየደጁ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሲሚንቶ ክዳን በታች ነበር የሚቀመጡት። ቆጣሪ አንባቢው ክዳኑን ያነሳል፣ ጭቃውን በእጁ ይጠርጋል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ይሞላና በግምት ይጽፋል። በግምት የተጻፈው ደግሞ ነዋሪውንና የውሃ ጽሕፈት ቤቱን ሲያጨቃጭቅ ይከርማል። ጽሕፈት ቤቱ ይህ ሲሰለቸው ቁጥሩን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ቆጣሪ አስመጣ። ነገር ግን የቆጣሪው አካል ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ አጠገቡ ያለ አንቴና የሚልከውን ሞገድ ይውጣል። ስለዚህ አንቴናው ከብረቱ ርቆ፣ ከክዳኑም በላይ እንደ ዱላ ቆሞ መውጣት ነበረበት። ማገዶ የጫነ አህያ ሲያልፍ ሰበረው፤ ልጆች ነቅለው ሰይፍ አደረጉት፤ አንዳንዱም ላይ ፍየል ታሰረበት። ነገሩ ተመልሶ እዚያው ግምቱ ላይ ወደቀ።

መኩሪያ ይህን አይቶ ከክብሪት ቀፎ ያነሰች አንቴና ለመሥራት ተነሳ። ሽቦ አጣጠፈ፣ ጠቀለለ፣ ቆረጠ። ብረቱ ሁሉንም ዋጠበት። አንድ ቀን ሲበይድ ግን የቀለጠ እርሳስ ተንጠባጥቦ የሽቦውን አንድ ጎን ከቆጣሪው ብረት ጋር አጣበቀው። ሊያላቅቀው ሲል ለሙከራ ያስቀመጠው የሞገድ መቀበያ ከጓዳ ጮኸ። ሁሉም ሰው ሽቦውን ከብረቱ ለማራቅ ሲታገል የኖረው ለካ በከንቱ ነው። በትክክለኛዋ ቦታ ላይ ከተገናኙ ብረቱ ሞገዱን መዋጡን ይተውና እሱ ራሱ ያሰማል። መኩሪያ የጠብታዋን ቦታ በደንብ ለየ፤ ከዚያም አፉን ቆለፈ።

ቆጣሪውን እንደታሸገ ወስዶ ከዳገቱ ግርጌ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠና ክዳኑን ከደነበት። ቁጥሩ ዳገቱ አናት ላይ ባለው የውሃ ጽሕፈት ቤት ቁልጭ ብሎ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላቸው። «ከተማውን በሙሉ በዚህ እንቀይራለን» አሉ፣ «ግን መጀመሪያ የፈጠራ መብትህን አስመዝግብ። ነገ ሌላው መጥቶ የእኔ ነው ቢለን መልስ የለንም።»

በዚያ ቀን ሙከራውን ለማየት ከተሰበሰበው ሰው መካከል ቆጣሪ የሚያስመጣው ነጋዴ ነበር። ሰው ሲበተን መኩሪያን ትከሻውን አቅፎ፣ «አሠራሩን ሽጥልኝ» አለው።

«አልሸጥም።»

«ግድ የለም» አለ ነጋዴው እየሳቀ። «አንዷ ከተቀበረች በኋላ ካቻቢቴ ያለው ሰው ሁሉ ባለቤቷ ነው።»

መኩሪያን ይህ ቃል እንቅልፍ ነሳው። የሚያስጥለው የመብቱ ወረቀት ብቻ እንደሆነ ገባው፤ የገባው ግን በራሱ መንገድ ነው። አባቱ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። ቅጠሉን በአደባባይ ይቀጥፋሉ፤ ሥሩን ግን ጎህ ሳይቀድ ብቻቸውን ነው የሚምሱት። «ሥሩን ያሳየ እንጀራውን ሰጠ» ይሉት ነበር። መኩሪያም ማመልከቻውን ሲሞላ በአባቱ ደንብ ሞላው። መብት በሚጠየቅበት ቦታ ላይ፣ «በማንኛውም ቆጣሪ ውስጥ የሚገባ ማንኛውም ትንሽ አንቴና የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ። አሠራሩን ዘርዝር በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ፣ «ሽቦውን በብልሃት በማጣጠፍ» ብሎ አለፈው። ስለ ጠብታዋ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እውነቱን ለመናገር ከሌባ ሌላ የሚፈራው ነገርም ነበረው። ከተነገረ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ነው፤ በስህተት የተገኘች የእርሳስ ጠብታ ናት ብሎ ሰው እንዳይስቅበት ሰጋ።

በፈጠራ መብት ቢሮው ማመልከቻው የደረሳቸው መርማሪ ወይዘሮ የውብዳር ይባላሉ። ሥራቸው አንድ ሰው አዲስ ነው ያለው ነገር በእርግጥ አዲስ መሆኑን ዓለምን አስሶ ማረጋገጥ ነው። አሰሱና መልስ ሰጡ። በሌላ አገር ያለ ሰው ከዓመታት በፊት ሽቦ አጣጥፎ ቆጣሪ ውስጥ አስገብቷል፤ ስለዚህ የጠየቁት መብት ሊሰጥዎ አይችልም፤ የሚሉት ካለ ቀርበው ያስረዱ።

መኩሪያ ጨሰ። ጎረቤቱም እንደ ልማዱ ነዳጅ አቀበለ። አንዱ፣ «ነጋዴው ቀድሞ ገብቷላ!» አለ። ሌላው ደግሞ፣ «አንተ ባዶ እጅህን ሄደህ ነው እንጂ» አለው። መኩሪያ ሁለቱንም አመነና አንድ ማሰሮ ነጭ ማር በነጠላ ጠቅልሎ ሄደ።

ወይዘሮ የውብዳር ጥቅሉን በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩት። «ምንድን ነው እሱ?»

«የአገር ቤት ማር ነው፤ ለልጆች ብዬ ነው።»

«ልጆቼ አድገዋል። ማሩን ውጭ ያኑሩትና ይመለሱ። እኔ ከእርስዎ የምፈልገው ሌላ ነው።»

መኩሪያ ማሰሮውን ከበሩ ውጭ አስቀመጠ። ማር ያልበቃቸው ሴትዮ ምን ሊጠይቁኝ ነው ብሎ አሰበ። ሲመለስ የውጭ አገሩን ሰው ጽሑፍ ዘርግተው ጠበቁት።

«ይህ ሰው እውነተኛ ነው» አሉ። «የማይሆንለትንም ጽፏል። የእኔ አንቴና የሚሠራው አካሉ ፕላስቲክ በሆነ ቆጣሪ ውስጥ ብቻ ነው፤ ብረት ከሆነ ይዋጣል ይላል። የእርስዎ ግን በብረት ቆጣሪ ውስጥ ሆኖ ዳገት አናት ድረስ ተሰምቷል አሉ። ብረቱ እርስዎን ለምን አልዋጠዎትም?»

መኩሪያ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። «እሱ የእኔ ምስጢር ነው።»

«እንግዲያው ከምስጢርዎ ጋር ይኑሩ። አቶ መኩሪያ፣ መብት ማለት እኮ ውል ነው። እርስዎ ያወቁትን ለሕዝብ ያሳያሉ፤ ሕዝብ ደግሞ ለተወሰነ ዘመን የእርስዎ ነው ብሎ ይጠብቅልዎታል። እርስዎ ግን ሁሉንም ጠይቀው ምንም አላሳዩኝም።»

«ካሳየሁማ ይሰርቁኛል።»

«ሌባ የሚወደው ምስክር የሌለውን ዕቃ ነው» አሉ ወይዘሮ የውብዳር ድምፃቸውን ሳያነሱ። «አንድ ነገር ልንገርዎ። በዚህኛው ማመልከቻ ላይ ያልነበረውን መጨመር አይፈቀድም። ሊያሳዩ ከፈለጉ አዲስ ማስገባት ነው፤ ተራዎም የሚቆጠረው ካስገቡበት ቀን ጀምሮ ነው። ሌላ ሰው ቢቀድምዎ፣ ምንም ባዝን ላግዝዎ አልችልም።»

መኩሪያ ማሰሮውን አንጠልጥሎ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ዘርፌ በደጅ ልብስ ታሰጣ ነበር። ማሩን አየችና፣ «ተመለሰ? ጎሽ፣ ደህና ሴት ናቸው ማለት ነው» አለች። እሱ ግን ሲራገም አመሸ ማለት ይቻላል፤ ፀሐይዋ ገና ከሰማይ መሃል ሳትወርድ ነው እንጂ። ሴትዮዋ ሥሩን ሊያስምሱኝ ፈለጉ፣ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል አለ።

ዘርፌ የጨመቀችውን ልብስ ገመዱ ላይ ጣል አደረገችና ዞር አለች። «አባትህን ካነሳህማ እኔም ላንሳ። ወንድምህን እባብ የነደፈው ቀን ትዝ ይልሃል?»

መኩሪያ ማሰሮውን ደረጃው ላይ አስቀመጠ።

«ስንቱ ከሩቅ አገር እየመጣ በአባትህ እጅ ድኗል። ወንድምህ ሲነደፍ እሳቸው ካረፉ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ቅጠሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቀጥፈን ቀጥፈን አመጣን። ሥሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። አንተ እግሩን ይዘህ፣ እኔ ራሱን ይዤ፣ እያየነው ሄደ። አባትህ ማንንም ሊጎዱ አልነበረም የደበቁት። ግን ከማን ደበቁት? ከገዛ ልጃቸው!»

መኩሪያ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። ለወንድሙ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አላለቀሰለትም ነበር። ለአባቱም አዘነላቸው፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜም አባቱ ተሳስተው እንደነበር ለራሱ አመነ። ከዚያ ተነስቶ ፊቱን ታጠበና ጽሑፉን ጀመረ። ሽቦው በስንት ቦታ እንደሚታጠፍ፣ ጠብታዋ ከየትኛው ጠርዝ ምን ያህል እንደምትርቅ፣ ቦታዋን ስትስት ምን እንደሚበላሽ ጻፈ። በስህተት እንደተገኘችም አልሸሸገም። በማግሥቱ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ቆሞ ነበር።

ምርመራው እንደገና ተጀመረ። መኩሪያ አሠራሩን ቢዘረዝርም፣ መብት በሚጠየቅበት ቦታ ላይ ግን ያንኑ የድሮውን ጽፎ ነበር። ወይዘሮ የውብዳር አሁንም አላዘኑለትም። «ማንኛውም ቆጣሪ» ያለውን ሰረዙበት፤ «ማንኛውም ትንሽ አንቴና» ያለውንም ሰረዙበት። መኩሪያ ሊከራከር ሲቃጣው፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰሙም? የብብትዎን አጥብቀው ይያዙ» አሉት። እሱም አንገቱን ደፋ።

ብዙ ቆይቶ የመብት ወረቀቱ ወጣ። መኩሪያ አገላብጦ አየው። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ የቀረችው አካሉ ብረት በሆነ ቆጣሪ ላይ፣ በዚያች ቦታ፣ በዚያች ጠብታ የተያያዘች የታጠፈች ሽቦ ብቻ ናት።

«ይህቺ ብቻ?» አለ።

«ይህቺ ብቻ» አሉ ወይዘሮ የውብዳር። «ግን የእርስዎ ናት።»

ቆጣሪዎቹ በከተማው ተቀበሩ፤ ክረምት ሲመጣም ግምት ቀረ። ነጋዴውም እንዳለው አደረገ፤ አንዷን አስወጥቶ ፈታት። ውስጧ ያለችው ጠብታ ብቻ መሆኗን ሲያይ ሳቀ። መሐንዲሶች ቀጥሮ የሚያምር ሥዕል አሠራና የእኔ ፈጠራ ነው ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ወይዘሮ የውብዳር አስጠርተው የመኩሪያን ጽሑፍ ፊቱ አስቀመጡለት። ነጋዴው አነበበ፤ እንደገናም አነበበ። ከእሱ መሐንዲሶች ሥዕል ይበልጥ ግልጽ ነው። የጎደለ ነገር የለውም።

«ይህ ሰውዬ ጤነኛ ነው?» አለ በመጨረሻ። «ምስጢሩን እንዲህ ዘርግፎ ለሕዝብ የሚሰጥ ሞኝ የት ይገኛል?»

«ያቆመዎት እኮ እኔ አይደለሁም» አሉት ወይዘሮ የውብዳር። «ያቆመዎት እሱ የዘረገፈው ነው። ደብቆት ቢሆን ኖሮ እኔ ዓለምን ባስስ የማገኘው ነገር አልነበረም፤ ዛሬ የምፈርመውም ለእርስዎ ነበር።»

ነጋዴው ሥዕሉን ጠቅልሎ ወጣ።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን የመኩሪያን የመጀመሪያውን ማመልከቻ በየቀኑ እንሞላለን። ሁሉም የእኔ ነው እንላለን፤ ምኑን እንደሠራን ሲጠይቁን ግን በመስኮት ወደ ውጭ እናያለን። የደበቅነው ነገር አንድ ጠባቂ ብቻ አለው፤ እሱም እኛው ነን፤ እኛ ደግሞ እንደክማለን፣ እንሞታለን። የገለጥነው ግን ያየው ሰው ሁሉ ይመሰክርለታል። እውነተኛ ዳኛም ብዙ ስለጠየቅን አይሰጠንም፤ ከጠየቅነው መካከል የእኛ የሆነችውን ለይቶ እስኪያገኝ ድረስ ያደክመናል። ሲያደክመን ጠላታችን ይመስለናል።

እስቲ እናንተም ለአፍታ ራሳችሁን መርምሩ። የእኔ ከምትሉት ሁሉ ውስጥ፣ ሌላው ሁሉ ቢሰረዝ በእርግጥ የእናንተ ሆና የምትቀረው የትኛዋ ናት? እሷንስ ከእናንተ ሌላ የሚያውቃት ሰው አለ?