የታካሚዎቹ ተወካይ

ከሳላቸው ጋር አብረው ያረጁ፣ ምላሳቸው ግን ያላረጀ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሰፈሩ ጤና ጣቢያ አገልግሎቱን ለማሻሻል ታካሚዎችን ስብሰባ ሲጠራ፣ ተወካይ ነኝ ብለው ገቡና፣ "ተራ የምንጠብቀው ፀሐይ ላይ ነው፤ ጥላ ይሠራልን" አሉ።

ኃላፊው ዶክተር ልዑልሰገድ ተቆጡ። "እዚህ አንዴ የታከመ ሰው ተመልሶ አይመጣም። ያ ሁሉ ሰው ምንም ሳይል፣ እርስዎን ተወካይ ያደረገዎት ማን ነው? ይንገሩኝ፤ አለዚያ ይውጡ።"

ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ እንደ ልማዱ ሳላቸው ቀደማቸው። እሱን አስጨርሰው እንዲህ አሉ፦

"እውነትዎን ነው፣ ዶክተር። የዳነው ሥራውን ይዟል፤ የሞተው ለስብሰባ ብሎ አይነሳም። መዳኑም መሞቱም ያቃተኝ እኔ ስለሆንኩ፣ ውክልናው እኔው ላይ ወደቀ።"