ጭራቁና የቱቦዋ ማሚቶ

ተረት ተረት።
«የመሰረት።»
ጮክ በሉ እንጂ፣ አልሰማሁም።
«የመሰረት።»

በድሮ ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ዕቃው ሁሉ የሚነካበት ቤት ነበረ። ልጆች እየነኩ፣ እየገፉ፣ እየሳቡ የዓለምን ነገር የሚማሩበት ቤት ነው። በኋላ ግን አንድ ጭራቅ መጣና ቤቱን ያዘው። ዕቃ የነካ ልጅ ሲያገኝ አንስቶ ብብቱ ሥር ይወሽቃል። የሚለቀው የመጨረሻውን ቃል ተናግሮ ለረታው ሰው ብቻ ነው። የረታው ሰው ደግሞ አልነበረም።

ወለላ የምትባል እናት ይህን አልሰማችም። ልጇን ስንዱን ይዛ ወደዚያ ቤት ሄደች። ልጅቷ ያየችውን መንካት ስለምትወድ መንገዱን ሁሉ እጅሽን ሰብስቢ ስትላት ነበር። ስንዱ ግን ገና ከበሩ ስትገባ ሰውን አወፍሮ የሚያሳይ መስታወት ነካች። ጭራቁም አንስቶ ወሸቃት።

ወለላ ልጄን ልቀቅ አለች፤ አልለቅም አለ። ለመነችው፤ ቃል መለሰላት። ረገመችው፤ ቃል መለሰላት። ድምፅዋ ተዘጋ።

መስታወቱን እርዳኝ አለችው። ማወፈር እንጂ መናገር አልችልም አላት። ሸክም የሚያነሳውን ገመድ ለመነች። ዝሆን አነሳለሁ፣ የጭራቅ ቃል ግን ይከብደኛል አላት። በመጨረሻ በቤቱ ጥግ ወዳለ ረጅም ቱቦ ሄደች። እዚያ ውስጥ የገደል ማሚቶ ትኖር ነበር።

«የራሴ ቃል የለኝም፣ እህቴ» አለቻት ማሚቶ። «የሰጡኝን ነው የምመልሰው።»

ወለላ ይህን ሰምታ ወደ ጭራቁ ተመለሰች።

«ጌታው፣ እዚያ ቱቦ ውስጥ ማሚቶ የምትባል ሴት አለች። እሷን እንኳ አይችሏትም» አለችው።

ጭራቁ ሳቀ። አፉን ቱቦው ላይ ደቅኖ ጮኸ።

«ዝም በይ!»
«ዝም በይ!» አለች ማሚቶ።
«እኔን ነው ‹በይ› የምትይኝ?»
«እኔን ነው ‹በይ› የምትይኝ?»
«ወንድ ነኝ እኮ፣ አንቺ!»
«ወንድ ነኝ እኮ፣ አንቺ!»

ጭራቁ እንዲህ ተንቆ አያውቅም። ቱቦውን በሁለት እጁ ሊያንቅ ክንዱን ሲያነሳ፣ ስንዱ ከብብቱ ዱብ አለች። ወለላ አንድ የምትለው ነገር ምላሷ ላይ መጣባት። ዋጠችው። ልጇን አዘለችና ዝም ብላ ወጣች።

ጭራቁ ዛሬም ቱቦው ላይ ተደፍቶ ይከራከራል አሉ። ልጆች ያሻቸውን ቢነኩ ዞር ብሎ አያይም።

የመጨረሻውን ቃል እኔ ካልተናገርኩ የሚል ሰው፣ ልጆቼ፣ በእጁ የያዘውን ይጥላል።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። የሰማ ጆሮ ይባረክ፣ ያልተኛ ዓይን ይከደን።