ባዶ እጅን የፈራው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ከደጋ መንደሩ ወጥቶ ከተራራው ማዶ ባለ የቆላ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ቢያድግልኝ ይባላል። የገበሬ ልጅ ነው። እርሻውን ትቶ ሽመና ልማር ብሎ ሲነሳ የመንደሩ ሰው ሳቀበት። «የአባቱን ሞፈር ጥሎ መወርወሪያ ሊይዝ! ቆይ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ እናየዋለን» አሉ። አባቱ አባ ታረቀኝ ግን አልሳቁም። እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙትና «ሰው የሚያለብስ እጅ አያፍርም። ደስ ባለህ ጊዜ ና» ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ቢያድግልኝ የአባቱን ቃል እዚያው ወንዙ ዳር ትቶ የመንደሩን ሳቅ ይዞ ሄደ። እጄ ሳይሞላ ያችን መንደር አልረግጥም ብሎ ለራሱ ማለ።

ሥራው ቀናው። ድርና ማጉ ተስማምቶለት፣ የእጁን ሥራ ገበያው ወደደለት። ነገር ግን የገና በዓል በመጣ ቁጥር ያፈራውን ያይና «ይህማ ምን አለው? ይህን ይዞ በዚያ ሰው ፊት አይቀረብም» ይላል። አንዱን ዓመት ለአባቱ ጋቢ ይኖረውና ለእህቱ ቀሚስ ይጎድላል። ሌላውን ዓመት ቀሚሱ ይገኝና መጫኛ አህያ ይጠፋል። ከአገሩ የሚወርዱ ነጋዴዎች «አባትህ ምንም አልፈልግም፣ ዓይኑን ብቻ ልየው ብለውሃል» እያሉ መልእክት ያደርሱታል። እሱም «ለከርሞ እመጣለሁ በሉልኝ» ይላል። ከርሞ ይመጣል፤ እሱም ለከርሞ ይባላል። እንዲህ ሲል ጢሙ ሳያቀመቅም የወጣው ልጅ ጠጉሩ ሸበተ።

በአንዱ ዓመት ግን ሁሉም ሞላለት። ለአባቱ ከምርጥ ጥጥ ሲሸምነው የኖረው ወፍራም ቡልኮ አለቀ። ለእህቱ ለአስረበብ ጥልፍ ቀሚስ አዘጋጀ። ለቤቱ ማርና ቅቤ በቅል በቅል ሞላ፤ ለጎረቤት የሚታደል ነጠላም አልቀረውም። ይህን ሁሉ በአህያ ጭኖ፣ ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወደ አገሩ ተነሳ።

ከተራራው ግርጌ ካለችው የመጨረሻ መንደር ሲደርስ አንድ ሽማግሌ ሰማዩን አይተው «ልጄ፣ ደመናው አላማረኝም። ዛሬ እዚህ እደር» አሉት። እሱ ግን ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለም። ከዚያው መንደር አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ መንገዱን ትጠባበቅ ነበር። ትርንጎ ትባላለች።

«ወንድሜ፣ እናቴ ቤት ለበዓል እየወጣሁ ነው። ብቻዬን ፈርቼ ነው የቆምኩት። አብሬህ ልሂድ?» አለችው።

«ነይ» አላት። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ቀሩ።

በዚያ አገር ጠዋት ጠዋት ሣሩን የሚያነጣ ውርጭ እንግዳ ነገር አይደለም። አልፎ አልፎም አመዳይ የተራራውን ጫፍ ይሸፍነዋል። የዚያን ቀን የወረደው ግን የዕድሜ ባለጸጋ እንኳ ያላየው ነበር። ቀትር ላይ ሰማዩ ዝቅ አለ፤ ነፋሱም ጸጥ አለ። ከዚያ በረዶው ይወርድ ጀመር። እንደ ክረምት በረዶ ጣራ የሚደበድብ አይደለም። ድምፅ የለውም፤ እንደ ተባዘተ ጥጥ እየተንሳፈፈ ይቆለላል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚታቸውን ዋጠው፤ ቆይቶም ጉልበታቸው ደረሰ። መንገዱ ከገደሉ የማይለይ ሆነ። አህያው አልንቀሳቀስ አለ። እየጎተቱም እየገፉም ከአንድ ቋጥኝ ሥር ያለ ዋሻ ውስጥ ገቡ።

ቢያድግልኝ ጭነቱን አውርዶ በላዩ ተቀመጠ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የትርንጎ ልጅ ያለቅሳል። ሸማኔው የለበሰውን አሮጌ ጋቢ አውልቆ ሰጣት። መረቀችው፤ ልጁንም ጠቀለለችበት። ጋቢው ግን በበረዶ የራሰ ነበርና ብዙም አልጠቀመም። የልጁ ልቅሶ እየቀጠነ መጣ።

«ወንድሜ፣ የተቀመጥክበት ጭነት ምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«የአባቴ ነው።»

«የሚለበስ አለበት?»

ቢያድግልኝ የጭነቱን ገመድ ዳበሰ። «አለበት። ግን እህቴ፣ ይህን ቡልኮ ለማድረስ ስል ነው ይህን ሁሉ ዘመን ቤቴን ሳላይ የኖርኩት። አሁን በጭቃ አሳድፌ ምን ብዬ እሰጣቸዋለሁ?»

ትርንጎ ልጇን ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘች። ልጁ አሁን ማልቀሱን ትቷል። ዝምታው ከልቅሶው የበለጠ አስፈራት። አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፦

«አባትህ አሁን እዚህ አጠገባችን ቢሆኑ፣ ቡልኮውን ለማን ያለብሱት ነበር?»

ቢያድግልኝ መልሱን ያውቀዋል። ከተቀመጠበት ተነስቶ፣ በደነዘዘ እጁ ገመዱ አልፈታ ቢለው በጥርሱ ፈታው። ቡልኮውን አውጥቶ እናትና ልጅን አንድ ላይ ጠቀለላቸው። ቡልኮው ከወጣ ወዲያ ሌላውን መሰሰት ሞኝነት መሰለው። በቅቤው የሕፃኑን እጅና እግር አሸ። ማሩን ከስንቁ በሶ ጋር በጥብጦ ጡቷ እንዳይደርቅ አጠጣት። ነጠላዎቹን ቀዶ በእሷም በራሱም እግር ላይ ጠመጠመ። የእህቱን ጥልፍ ቀሚስ የዋሻው አፍ ላይ ወጥሮ ማታ የተነሣውን ነፋስ ከለለበት። በቀረው ቅቤ ጨርቅ እየነከረ እሳት ለኮሰ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ እነሱ ሳቁ።

ሲነጋ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። አህያውን ግን ከዋሻው አፍ ወድቆ ደርቆ አገኙት። ቢያድግልኝ አንገቱን ዳብሶት ሄደ። እሱ ከፊት በረዶውን እየሰበረ፣ እሷ ዱካውን እየተከተለች፣ ስንት ጊዜ እየወደቁ እየተነሱ፣ ከተራራው ጫፍ ወጡ። እዚያ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የእሱ መንደር ከታች ጭሱ ይታያል። የእናቷ መንደር ግን ሌላ ሸንተረር ይቀረዋል።

ትርንጎ ቡልኮውን መፍታት ጀመረች። «እንካ ወንድሜ። የአባትህን አደራ አልበላም» አለችው።

ቡልኮው በጥቀርሻና በቅቤ ተለውሷል። ቢሆንም የአባቱ ነው። ቢያድግልኝ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ቡልኮው ውስጥ የተኛውን ሕፃን አየና እጁን ሰበሰበ።

«ልጁ ገና ቤቱ አልገባም። ይዘሽው ሂጂ» አላት።

እሷም «እግዚአብሔር በሄድክበት አይለይህ» ብላ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከላት። ተሰናበቱ። ጥቂት ሄዳ ዞር ብትል ሸማኔው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ተቀመጥክ? ቤትህ ያ አይደለም?»

«ነው» አለ። «እኔ ግን ከዚህ እመለሳለሁ። ዘንድሮም አልሆነልኝም። እንዲህ ሆኜ እንዴት እገባለሁ? ለከርሞ ሌላ ሸምኜ እመጣለሁ።»

ትርንጎ ወደ እሱ ተመለሰች።

«እኔ በዚህ መንገድ የወረድኩት ሙሽራ ሆኜ፣ በበቅሎ፣ በእልልታ ነው። አሁን ባሌን ቀብሬ፣ ይህን ልጅ አዝዬ፣ በእግሬ፣ የሰው ቡልኮ ለብሼ እመለሳለሁ። እናቴ ባዶ እጅሽን መጣሽ ብላ በር የምትዘጋብኝ ይመስልሃል?»

«ኧረ ምን ቆርጧት! እናት እንዴት ትዘጋለች?»

«ታዲያ አባትህን ከእናቴ ለምን አሳነስካቸው?»

ቢያድግልኝ ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ ወረዱ።

መንደሩ የደረሰው በገና ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሰው ሁሉ ወጥቶ በረዶውን ከደጁ ይጠርጋል። ይህን ሁሉ ዓመት የፈራው ሳቅ በመንደሩ ውስጥ አልነበረም። ከሳቁበት ሰዎች ከፊሎቹ ሞተዋል፤ የቀሩትም መሳቃቸውን ረስተውታል። አንዱ ጎረቤት እንዲያውም የውጭ ሰው መስሎት «እንግዳ፣ ብርዱ ሳይገድልህ ቤት ግባ» አለው።

የአባቱን በር ሲያንኳኳ አስረበብ ከፈተች። ትንሽ አፍጥጣ አየችው። «ወንድም ዓለም!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እንደዚያ ሆና ብዙ አለቀሰች። ሊገባ ሲል ግን እጁን ይዛ አስቆመችው።

«አባባ ሰው መለየት ትተዋል። እኔንም አንዳንድ ቀን በእናታችን ስም ይጠሩኛል። ስታያቸው እንዳትደነግጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አምና ለገና ደኅና ነበሩ። ስምህን እየጠሩ ደጃፉ ላይ ነበር የሚውሉት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው የባሰባቸው።»

ቢያድግልኝ የበሩን መቃን ያዘ። አምና በእጁ የነበረው አንድ ጋቢ ነበር። ያንስባቸዋል ብሎ ነው የቀረው።

አባ ታረቀኝ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። ከስተዋል፤ ዓይናቸው ግን የዱሮው ነው። ልጃቸው እግራቸው ላይ ወደቀና ጉልበታቸውን ሳመ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ። ቢያድግልኝ ነኝ።»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

«ቢያድግልኝን ታውቀዋለህ? ከቆላ ነው የመጣኸው?»

ሸማኔው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አባቱ ወደ አስረበብ ዞሩ። «አንቺ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ለእንግዳው ውሃ አሙቂለት፤ እግሩን ይታጠብ። ብርድ ጨርሶታል።» ከዚያ የደነዘዙትን እጆቹን ይዘው በሁለት መዳፋቸው መሐል እያሹ ያሞቁለት ጀመር።

«የኔም ልጅ መንገድ ላይ ነው» አሉ። «በዚህ በረዶ የማንን ደጅ እያንኳኳ እንደሆነ እንጃ። እኛ ለሰው ልጅ ስናደርግ፣ ለሱም የሚያደርግለት አይጠፋም።»

የልጃቸው እንባ በጉንጩ ላይ ሲወርድ አዩና የብርዱ መሰላቸው። ወደ እሳቱ ጠጋ አደረጉት።

«ስትመለስ ካገኘኸው አደራ፣ ሽማግሌው ካንተ የሚሻው ነገር የለም በለው። መጥቶ አሁን አንተ ያለህበት ቦታ ይቀመጥ። ይኸው ነው።»

«እነግረዋለሁ፣ አባባ» አለ ቢያድግልኝ።

ወደ ቆላ አልተመለሰም። የሽመና ዕቃውን አስመጥቶ እዚያው መንደር ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። አባቱን ያጥባል፤ ያጎርሳል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግፎ ያወጣቸዋል። አባ ታረቀኝ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «እንግዳው» እያሉ ይጠሩት ነበር። ወደዱት፤ ነገር ግን ማን እንደሆነ አላወቁም። ማታ ማታ ከመኝታ በፊት መንገድ ላይ ላለው ልጃቸው ይጸልያሉ። እሱም አጠገባቸው ተቀምጦ «አሜን» ይላል።

ይህን ታሪክ የምታነቡ ሁሉ እስቲ ልብ በሉ። ያን ተራራ ሸማኔው በከንቱ አልወጣም። በቡልኮው አንድ ሕፃን ከሞት ተርፎ አያቱ ቤት ገብቷል። ለአባቱ የታሰበ ስጦታ በመንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ቢውል፣ አባቱም እዚያ ቢኖሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነውና፣ ቦታውን አልሳተም። ቢያድግልኝን የጎዳው ባዶ እጁን መግባቱ አይደለም፤ እጁ እስኪሞላ የጠበቀው ዘመን ነው። ቡልኮ ቢጠፋ ሌላ ይሸመናል። እኛን የሚያውቅ ዓይን ግን አንዴ ከደበዘዘ ድርም ማግም አይመልሰውም። የሚናፍቁን ሰዎች የሚጠብቁት እጃችንን ሳይሆን እኛን ነው። እኛ ግን በሚስቁብን አላዋቂዎች ፊት እንዳናፍር ስንል አፍቃሪዎቻችንን እናስጠብቃለን።

እናንተስ «ለከርሞ» ያላችሁት የማንን ደጅ ነው? ዛሬ ብታንኳኩ፣ ከውስጥ የሚከፍተው ሰው ገና ስማችሁን ያውቃል?