አንድ ሰንጋ፣ አንድ ሻኛ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ሩቅ ዘመን ሳይሆን ሞባይል በየኪሱ በገባበት በዚሁ በእኛ ጊዜ፣ ደረቅ ወንዝ የምትባል ከተማ ነበረች። ስሟን ያገኘችው በመሃሏ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። ወንዝ መባሉ እንኳ ለወጉ ነው። አብዛኛውን ዓመት አሸዋና ጠጠር ብቻ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሐሙስ ሐሙስ የፍየል ገበያ ይቆምበታል። ክረምት ሲገባ ግን ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ተጠራቅሞ፣ ከተማው ላይ ፀሐይ እየወጣም ቢሆን፣ ድንገት ይወርዳል። ደራሽ ውሃ መቼም መጣሁ አይልም፤ ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል።

በዚህች ከተማ ወንድይፍራው የሚባል ባለ ልኳንዳ ነበር። ብልት ማውጣት እንደሱ የሚችል የለም፤ ሠርግም ይሁን ቅርጫ «ወንድይፍራው ይምጣ» ነው የሚባለው። ከሚስቱ ከእታፈራሁ ጋር ልጅ ፍለጋ ያልተሳሉበት ደብር አልነበረም። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ፣ ይህ ነገር በሆነበት ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ሴት ልጅ ወለዱ። ቤታቸው ታች ሠፈር፣ ወንዙ ዳር ነው።

እንግዲህ መስከረም ሲጠባ የከተማው ሰው አዋጥቶ አንድ ሰንጋ ገዛ። ለምስጋና ነው። በዚያ ክረምት የመጣው ጎርፍ ታች ሠፈርን ከነቆርቆሮው ጠርጎ ሲወስድ አንድም ነፍስ አላጠፋምና፣ ይህን የመሰለ ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። ሰንጋው እሑድ ቀን በዱቄት ፋብሪካው ግቢ ታረደ፣ ወንድይፍራውም ቢላዋውን ስሎ ሥራውን ጀመረ። ጎድን አለ፣ ታላቅ አለ፣ ታናሽ አለ፤ ለሁሉም ይዳረሳል። ሻኛው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። ሻኛ አንድ ነው፤ የሚሰጠውም ለክብር ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጠዋት ጠርተውት፣ ለነፍሳችን መትረፍ ምክንያት ለሆነው ሰው አንተው በእጅህ ስጥልን፣ ሚስትና ልጅ የተረፉልህ አንተ ነህ ብለውት ነበር። ፊት ለፊቱ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡት ግን ሦስት ሰዎች ናቸው።

አንደኛዋ ወይዘሮ ዘርፌ ናቸው፣ የማዘጋጃ ቤቱ የአደጋ መከላከል ክፍል ኃላፊ። ክፍል ሲባል አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ነው። እሳቸው ግን ወንዙ አሸዋ ሆኖ ጎርፍ የሚባል ነገር ለማንም ትዝ በማይልበት በበጋው፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ ነጋዴውን ሲለምኑ ይከርማሉ። የሚለምኑት ገንዘብ አይደለም። ውሃው የመጣ ቀን እርስዎ ምን ያደርጋሉ ነው ጥያቄያቸው። ማዘጋጃ ቤቱ መኪናም መጋዘንም የለው፣ ነጋዴው አለው፤ ነጋዴው ብቻውን ከተማ ማስነሳት አይችል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ይችላል፤ ስለዚህ እንፈራረም ይላሉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ማለት ስለሚያበዙ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው «ሎሚዋ መጡ» ይባባሉ ነበር። ቢሆንም አንድ በአንድ ፈረሙላቸው። ደጋው ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ፣ ውሃው አጠገቡ ባለው ድልድይ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት ሲነካ ሊደውል ቃል ገባ። ኮረብታው ላይ ያለው የዱቄት ፋብሪካ ደግሞ ሳይረኑን ሊያስጮህ፣ መጋዘኑን ሊከፍትና መኪና ሊልክ።

ከዚህ በፊት በነበረው ክረምት ማደያው ደወለ፣ ሳይረኑም ጮኸ። ከተማው ፍራሹን ተሸክሞ ኮረብታ ወጣ፤ የመጣው ውሃ ግን ቁርጭምጭሚት አርሶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ የወይዘሮ ዘርፌ ስም «ጎርፍ መጣ» ሆኖ ቀረ። ወንድይፍራው ራሱ ሥጋ ሊገዙ ሲመጡ «ዛሬስ አልመጣም?» እያለ ያሾፍባቸው ነበር። አለቃቸውም ሁለተኛ ከተማውን በከንቱ ካስሮጡ ሌላ ሥራ ይፈልጉ ብለዋቸዋል። ታዲያ በዚህኛው ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይዋ አናት እየበሳች ያ ስልክ እንደገና ጮኸ። አለቃቸው ስብሰባ ላይ ናቸው። ወይዘሮ ዘርፌ በመስኮት ወደ ሰማይ አዩ፤ ደመና የሚባል የለም። ማስፈቀድ ይችሉ ነበር፣ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን ፋብሪካው ጋ ደውለው «አስጩሁት» አሉ።

ሁለተኛው የፋብሪካው ባለቤት አቶ ተካልኝ ናቸው። ስለ እሳቸው ከተማው የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከተካልኝ እጅ በነፃ የሚወጣው ዱቄት ንፋስ የወሰደው ነው ይላል። ወይዘሮ ዘርፌ ያመጡትን ውል እያንዳንዱን ቃል እያስነበቡ፣ ዛሬ ነገ እያሉ፣ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ነው የፈረሙት። ፈርመውም ተታለልኩ ብለው ለሚስታቸው ማማረራቸው ተሰምቷል። ያን ቀን ሳይረኑ ሲጮህ ግቢው ውስጥ የነበሩት መኪናዎች ሁሉ ዱቄት እስከ አፍ ጢማቸው ጭነው፣ ሸራቸው ታስሮ፣ ሊወጡ ሞተር አስነስተው ነበር። ውሉ ደግሞ የሚለው «ባዶ መኪና ካለ» ነው። ባዶ መኪና አልነበረም፤ አቶ ተካልኝ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቢቆሙ ሕግ አይጠይቃቸውም።

እሳቸው ግን ከበረንዳው ወርደው «አራግፉ» አሉ። ሾፌሮቹ የት፣ ጭቃው ላይ ወይ ብለው ጠየቁ። «ታዲያ አናቴ ላይ ነው የምታራግፉት? አራግፉና ታች ሠፈር ውረዱ!» የዓመት ልፋት ጭቃ ላይ ተደፋ። እስከ መስከረም ድረስ የከተማው ውሻ ነጭ እግር ይዞ ዞረ ይባላል፤ ይህች እንኳ ትንሽ ሳትጋነን አትቀርም።

ሦስተኛው የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ጋሽ ላቀው ናቸው። ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ በየሠፈሩ እየዞሩ መንፋትና ስሙን መጥራት። ያን ቀን ታች ሠፈር ሆነው ሳይረኑን ሰሙ። ዙሪያቸውን ቢያዩ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም። አንዱ «ይህቺ ሴትዮ ዘንድሮም ጎርፏን ለቀቀችብን» ብሎ ይስቃል፣ ሌላው ፀሐይዋን እያየ ከምን የመጣ ጎርፍ ነው ይላል። እታፈራሁ አራስ ናት፤ ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ታቅፋ በአምናው ዓይነት ነገር ከቤት አትወጣም። የፋብሪካው መኪናዎችም ደርሰው ክላክስ ቢያደርጉ የሚሳፈር ጠፋ።

ጋሽ ላቀው ጥሩንባውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሰው ሳይሞት መንፋት ሟርት ነው፤ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። እሳቸው ደግሞ ሥራውን ሲረከቡ በሐሰት አልነፋም ብለው የማሉ፣ ቢነፉ ከእድር የሚሰረዙ፣ ሲሞቱም ቀባሪ የሚያጡ ሰው ናቸው። ነፉት። በቀትር ተነፍቶ የማያውቅ ጥሩንባ ስለሆነ አንድም ሰው ቤት አልቀረም። ሴቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፣ ወንዱ ጋቢውን እየጎተተ ማን ሞተ እያለ ወጣ፤ እታፈራሁም ልጇን ታቅፋ ደጇ ላይ ቆመች።

«እስካሁን ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ላቀው። «እዚህ ቆማችሁ ካወራችሁ ግን ሁላችሁም ናችሁ፤ ቀባሪም አይተርፋችሁም። መኪናው ላይ ውጡ!»

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ሰዉ አራሷን አስቀድሞ ተሳፈረ፤ የመጨረሻው መኪና ዳገቱን ሲይዝ ውሃው እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ።

ወንድይፍራው ያን ጊዜ ከወንዙ ማዶ ልኳንዳው ውስጥ ነበር። የቤቱን ቆርቆሮ ውሃው ላይ ሲገለባበጥ በዓይኑ አይቷል። ሚስቱም ልጁም ሞተዋል ብሎ ቆረጠ፤ ሰዎች ይዘውት ባይሆን ዘሎ ይገባ ነበር። ውሃው ሲጎድል ተሻግሮ፣ እግሩ ወደመራው ሲሄድ፣ ፋብሪካው መጋዘን ደረሰ። እታፈራሁ የስንዴ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ልጅቱ መኪናው ላይ በቀረው ዱቄት ከራስ እስከ እግሯ ነጭ ሆናለች፣ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ወንድይፍራው እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሦስቱን በየመንገዱ ሲያገኛቸው ጉልበታቸውን ሊስም ይሞክራል፤ እነሱ ናቸው የሚሸሹት።

አሁን ሻኛው በእጁ ነው፣ ግቢው ደግሞ መንጫጫት ጀምሯል። የመንግሥት ሠራተኛው ለወይዘሮ ዘርፌ አለ፤ እሳቸው ባይለፉ ስልክም ሳይረንም አይኖርም ነበር፣ አስቦ የከረመ ካልተከበረ ከእንግዲህ ማን በበጋ ስለ ክረምት ያስባል? ነጋዴው ለአቶ ተካልኝ አለ፤ ማሰብማ ሁሉም ያስባል፣ ሀብቱን ጭቃ ላይ የደፋ ግን እሱ ነው፣ ይህ ካልታየ ነገ ማን መጋዘኑን ይከፍታል? የእድር ሴቶች ለጋሽ ላቀው አሉ፤ ስልኩም ተደውሎ፣ መኪናውም መጥቶ እኮ ሰዉ ቤቱ ነበር። ከኋላ አንዱ ቀልደኛ ሦስት ቦታ ይቆረጣ ቢል ሽማግሌዎቹ ተቆጡ፤ ሦስት ቦታ የተቆረጠ ሻኛ ጥብስ እንጂ ክብር አይባልም አሉት።

መጨረሻ ላይ ሦስቱ ራሳቸው ይናገሩ ተባለ።

ወይዘሮ ዘርፌ ቀድመው ተነሡ። «በፊተኛው ክረምት በከንቱ ያስሮጥኳችሁ እኔ ነኝ። በዚህኛው ሳይረኑን የናቃችሁት በእኔ የተነሳ ነው። ጥሩንባው ባይኖር ስልኬን ይዤ ሬሳችሁን ነበር የምቆጥረው። በሞቴ፣ ለጋሽ ላቀው ስጠው።»

ጋሽ ላቀው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ውጡ አልኩ እንጂ የት እንደሚወጡ መች ሰጠሁ? መኪና ባይቆምላቸው መንገድ ላይ ነበር የማስፈጃቸው። ለአቶ ተካልኝ ነው የሚገባው።»

አቶ ተካልኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እውነቱን ልንገራችሁ። መኪናዬን ለሰው አስቤው አላውቅም። ይህቺ ሴት ደጄን ስትጠና፣ ስታስፈርመኝ፣ ያ ነገር ልቤ ውስጥ ገብቶ ነው። እሷ ባትኖር ዱቄቴን ይዤ ገበያዬ ነበር የምሄደው። ለእሷ ስጡ።»

ሻኛው ዞሮ ዞሮ ወንድይፍራው እጅ ላይ ቀረ። ለአንዱ ቢሰጥ ሁለቱን የካደ መሰለው፣ ላለመስጠት ደግሞ ሽማግሌና ከተማ ቆሞ ያየዋል። በዓይኑ ሚስቱን ፈለገ። እታፈራሁ ልጅቱን ታቅፋ ጠጋ አለችና «እኔን አትየኝ» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ስጸልይ የሦስቱን ስም ነው የምጠራው፣ ከማን እንደምጀምር ግን እስከዛሬ አላውቅም። አንተ ግን ስጥ፤ ልጃችን ስታድግ ለማን ሰጣችሁ ብላ መጠየቋ አይቀርም።»

ይህን እያለች ደጋው ላይ ነጎድጓድ አጉረመረመ። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሦስቱ እኩል ተነሡ። ወይዘሮ ዘርፌ ስልካቸውን አወጡ፣ አቶ ተካልኝ ለሾፌሮቻቸው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፣ ጋሽ ላቀው ጥሩንባቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። አንዱ ሌላውን አላዘዘም፣ ሻኛውንም ዞሮ ያየ የለም። ሰዉም በዚህ ጊዜ ፀሐይ ናት ብሎ አልቀለደም፤ ልጁን እያቀፈ፣ ሽማግሌውን እየደገፈ ቆሞ ጠበቀ።

ማደያው ጋ ተደውሎ ተጠየቀ። ውሃው ከነጩ ምልክት እጅግ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፣ የክረምት መሰናበቻ ዝናብ ነው ተባለ። ሁሉም ተመስገን አለ። ሦስቱም ተመልሰው አግዳሚው ላይ፣ በፊት በነበሩበት ተራ ተቀመጡ።

ወንድይፍራው ሻኛውን በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ቆሟል። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ፣ ያቺ በዱቄት የነጣች ልጅ የእናንተ ብትሆን፣ ለማን ትሰጡት ነበር?