አያ አህዮና አልገጥም ያለው ጭስ ማውጫ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ልትሉኝ ነው፤ የዛሬው በረት ውስጥ ግን ላም የለችም። ያሉት አንድ አህያና አንድ አሮጌ መኪና ናቸው። አትሳቁ፣ ገና መጀመሬ ነው።

ድሮ፣ መኪናና አህያ አንድ ግቢ ያድሩ በነበረበት ዘመን፣ አቶ ጥጋቡ የሚባሉ የእህል ነጋዴ ነበሩ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ማሽላውን ሁሉ በዳገቱ ሽቅብ የሚያወጣው አያ አህዮ ነበር። መኪናው መጣና አያ አህዮ አረፈ። ጀርባው ዳነ፣ ሆዱ ወጣ፣ እንደ ጡረተኛ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ ለመደ።

አንድ ቀን ግን መኪናው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲወርድ ከሥሩ ያለው ጭስ ማውጫ ተዛነፈ። ከዚያ ወዲያ ጭሱ በኋላ በኩል መውጣቱን ትቶ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር። አቶ ጥጋቡ ገበያ የደረሱት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበርና ሰው ሁሉ ከበባቸው። «ማን ሞተብዎ?» እያለ ያጽናናቸው ገባ። እሳቸውም ተናደው ተመለሱ።

«እስከ ቅዳሜ ገበያ ካልተስተካከለ ለቁራሌው እሸጠዋለሁ» አሉ። «አህያዬ እንደሆነ የትም አልሄደብኝም።»

አያ አህዮ ይህን ሲሰማ ገለባ ማኘኩን ተወ። ፈራ። ያ ዳገት ታየው።

መካኒኩ ውብሸት ተጠራ። ውብሸት ጉልበተኛ ነው፤ «ጠበቅ ያለ ነገር አይወድቅም» ይላል ሁልጊዜ። መኪናውን በክሪክ አነሳና ሥሩ ገባ። ጭስ ማውጫው ሦስት ቁራጭ ነበር፦ ከሞተሩ የሚነሳው አንገት፣ ድምፅ የሚያፍነው ሆደ ሰፊው ማርሚታ፣ ከኋላ ብቅ የምትለው ጅራት።

መጀመሪያ ጅራትን አሰረ፤ ቡሎኗ እስኪጮኽ አጠበቃት። ማርሚታ ሊገጥማት ቢመጣ አፋቸው አልገናኝ አለ።

«እመት ጅራት፣ እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» አላት ማርሚታ።

«እኔ ጠብቄአለሁ፤ አንተ ተጠጋ» አለችው። «ሰው የሚያየው እኔን ነው።»

ውብሸት ፈታና ደግሞ ማርሚታን አስቀድሞ አሰረ። አሁን አንገት ቢመጣ አልደርስ አለ።

«አያ ማርሚታ፣ እስቲ ትንሽ ዝቅ በልልኝ» አለው አንገት።

«እኔ ጠብቄአለሁ፤ አንተ ተጠጋ» አለ ማርሚታ። «ይህን ሆድ ይዤ ወዴት ልንቀሳቀስ?»

ለሦስተኛ ጊዜ አንገትን አስቀድሞ ከሞተሩ ጋር አጥብቆ አሰረ፤ ማርሚታንም በግድ አስከተለው። ጅራት ግን ተጣማ የመኪናውን ወለል ኳ ኳ ታደርግ ጀመር።

«አያ አንገት፣ እስቲ ትንሽ ዘወር በልልኝ» አለች።

«እኔ ጠብቄአለሁ፤ አንቺ ተጠጊ» አለ አንገት። «ጎረቤቴ ሞተር ነው፤ ከጅራት ጋር ምን አጋፋኝ?»

ውብሸት ቁልፉን ወርውሮ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ቁራሌውን ይጥሩት» አላቸው አቶ ጥጋቡን። ቀኑም ዓርብ ነበር።

አያ አህዮ እስከዚያ ድረስ ከበሩ ሥር ቆሞ ጥርሱን እያሳየ ሲስቅባቸው ነበር። የቁራሌው ስም ሲነሳ ሳቁ ጠፋ። ጠጋ አለ።

«ጋሽ ውብሸት፣ ከተቆጡ ልተወው፤ ግን ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። የጅብን ስም ባልጠራ ደስ ይለኝ ነበር።»

«አንተ ስለ ጭስ ማውጫ ምን ታውቃለህ?» አለ ውብሸት።

«ገብስ የበላሁ ቀን ከኋላዬ ቆመው ቢያዩ እንዲህ አይሉም ነበር።»

አቶ ጥጋቡ ሳቃቸውን ዋጡ። አያ አህዮ ቀጠለ።

«እኔ ሲጭኑኝ አይተው አያውቁም? የግራው ስልቻ ይሰቀላል፣ የቀኙ ይሰቀላል፣ ሁሉም ላላ ብሎ። ቀጥሎ ትንሽ ወዘወዝ ያደርጉታል፤ ጭነቱ ራሱ ቦታውን ይፈልጋል። መጫኛው የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱን ጎን አስቀድሞ ያጠበቀ ሰው ማሽላውን ከመንገድ ሲለቅም ይውላል። ታዲያ እነዚህን ለምን አንድ በአንድ ያንቋቸዋል?»

ውብሸት ቁልፉን አነሳ። ሌላ ዘዴም አልነበረውምና ተመልሶ ገባ። ሁሉንም ፈታ። ሦስቱንም በየማንጠልጠያ ጎማቸው ላይ ሰቀላቸው፤ ቡሎኖቹን ሁሉ በጣቱ ብቻ ነካ ነካ አደረጋቸው። ከዚያ በእጁ ወዘወዛቸው።

የሚኮራበት ጥብቀት ያጣው ሁሉ አመሉ ለሰለሰ። «ትንሽ ወደ ግራ ልሁንልህ» አለ አንገት። «እኔ ዝቅ እላለሁ» አለ ማርሚታ። ጅራትም እያጉረመረመች ቢሆንም ከወለሉ ራቅ አለች። አፍና አፍ ተገናኘ። ያኔ ውብሸት ከሞተሩ ጀምሮ ወደ ኋላ እያለ ተራ በተራ አጠበቃቸው። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ሰተት ብሎ በኋላ ወጣ።

ቅዳሜ ማሽላው በመኪና ተጫነ። ውብሸት ገበያው መሀል ደረቱን ነፍቶ፣ «ብልሃቱን ያገኘሁት ራሴ ነኝ» እያለ ሲያወራ ዋለ። አቶ ጥጋቡ አዝነው ይህን ለአያ አህዮ ነገሩት።

አያ አህዮ ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም። «ስሙ ለእሱ ይሁን» አለ፤ «ዳገቱ ለመኪናው፣ ፀሐይዋ ለእኔ።»

እናንተም አዲስ ጎጆ የምትወጡ፣ አዲስ ማኅበር የምትጠጡ ልብ በሉ፦ ለብቻው አስቀድሞ የጠበቀ ሌላውን ያጣምማል፤ ላላ ብሎ የተገናኘ አብሮ ይጠብቃል። ተረቴን መልሱ፣ ዳቦውን ግን ለአህያው አድርሱ።