አቤት የሚባልበት ቦታ

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ በንጉሡ እስር ቤት ያለ ፍርድ ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ምን ታድርግ? በዚያ አገር ፈራጁ ንጉሡ ብቻ ነው፤ ከእሱ በላይ ይግባኝ የለም። የተበደለ ሰው ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ አቤት ይላል፤ ንጉሡ ሲሰማ ያስጠራዋል። ወጉ ይኸው ነው።

እሷም ረቡዕ ረቡዕ ስንቋን ቋጥራ እየመጣች ትጮህ ነበር። አንድ ቀን በር ጠባቂው ባሻ ድልነሳ ከበሩ ራቅ በይ አሏት። ራቀች። ሌላ ጊዜ ከዋርካው ማዶ አሏት። ሄደች። በመጨረሻ ከወንዙ ወዲያ ተባለች። ከወንዙ ወዲያ ሆኖ ማን ይሰማል? እሷ ግን ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች።

የመንደሯ ሰዎች በንጉሡ ላይ እንነሣ ብለው ሲመክሩ የሚያስቆማቸው ማን ይመስላችኋል? እሷ ናት! ጃንሆይ ደግ ናቸው፣ ክፉዎቹ በር ጠባቂዎቹ ናቸው፣ ጩኸታችን ቢደርሳቸው ይፈርዱልናል እያለች ትለምናቸው ነበር። አያችሁ፣ ወገኖቼ? የንጉሡ እውነተኛ ዘብ እሷ ነበረች። እሱ ግን አያውቃትም።

አንድ ረቡዕ ባሻ ድልነሳ ወንዙን ተሻግረው መጡ። አንጀታቸው አልችል ብሎ ነው።

«ልጄ፣ እኔን አትርገሚኝ» አሏት። «ጩኸቱ ምሳ አላስበላን አለ፣ አርቁልን ያሉት ራሳቸው ጃንሆይ ናቸው። ባልሽም ካረፈ ወር አለፈው።»

አልተራገመችም። ቤቷ ገባች። የመንደሩ ሰዎች እንደ ወትሮው ታስቆመናለች ብለው ሲጠብቁ፣ «ጃንሆይ አልሰሙም ስላችሁ ኖርኩ። ሰምተው ነበር» አለቻቸው።

በዚያ ሳምንት አንድም ሰው አቤት አላለም። ንጉሡ አገሩ ጸጥ አለ ብሎ ደስ አለው። በሳምንቱ አገሩ ተነሣበት።

ሕዝብ በንጉሥ ላይ ለምን ይነሣል? ስለ ተራበ ነው? ተርቦ ስንት ዘመን ችሏል። ስለ ተገረፈ ነው? ተገርፎም ችሏል። ይሰማኛል ያለው ሰው እየሰማ ዝም እንዳለው ያወቀ ቀን ነው የሚነሣው። እኔ በዚያች ሴት ላይ ለመፍረድ አፌን አልከፍትም። ታሳዝነኛለች።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ። አባቶች፣ ልጆቻችሁ መነጫነጭ ትተዋል? ሚስቶቻችሁ መጨቃጨቅ ትተዋል? ሰላም ወረደልን ብላችሁ እግዚአብሔርን ለማመስገን አትቸኩሉ። በቤታችሁ ውስጥ፣ ሌላው ሲያማችሁ፣ «እሱ እኮ ልቡ ደግ ነው፤ ስላልሰማ ነው» እያለ የሚሟገትላችሁ አንድ ሰው አለ። ዛሬ ስትገቡ ያ ሰው ሲናገር ቀና ብላችሁ ስሙት። ነገ ሊደክመው ይችላል።