የጎራ በር እንደራሴ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ሸንጎ ሲተዳደሩ፣ ጎራ በር በምትባል ገጠር ዳለቻ የምትባል አህያ ትኖር ነበር። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ምልክት ስላለባት ቦሪት ይሏታል። ቦሪት ገደሉን ተሻግራ ከማዶ መንጋ ተዳረች። ማዶ ሩቅ አልነበረም፤ በገደሉ ወገብ በምታልፈው ቀጭን መንገድ ጠዋት የተነሣ ለምሳ ይደርሳል። በአንዱ ክረምት ግን ተራራው ተናደና መንገዱን ደፈነው።

ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ሆነ። ነፋሱ ጋብ ሲል ዳለቻ አፋፉ ላይ ቆማ ታናፋለች። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ የቦሪት ድምፅ ይመለሳል። ምን እንዳለች አይለይም። ዳለቻ ግን ያችን ድምፅ ስንቅ አድርጋ ትውላለች።

«ምነው ክንፍ በኖረኝ!» ትላለች ለጎረቤቷ ለፍየል።

«ክንፍ ያላቸውማ መች ናፍቆትን ያውቃሉ» ትላታለች ፍየል።

በዚያው ዓመት የጌታው አንበሳ ሸንጎ «ከየአገሩ አንድ እንደራሴ ተመርጦ ይላክ» ብሎ አዋጅ አስነገረ። በጎራ በር ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀረቡ፤ ከርከሮና ቀበሮ። ከርከሮ ተነሥቶ «እኔ መቆፈር እችላለሁ» አለና ተቀመጠ። ቀበሮ ግን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ወገኖቼ! ይህ ናዳ የደፈነው መንገድ ብቻ አይደለም፤ የእናትን አንጀትም ጭምር ነው! እኔ ሸንጎ በገባሁ ማግስት ዝሆኖች መጥተው ድንጋዩን ያነሡታል። እትዬ ዳለቻ፣ አደይ ሳይፈነዳ ቦሪትን ትስሚያታለሽ!»

የዳለቻ ዕንባ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሮን በጀርባዋ ተሸክማ መንደር ለመንደር አዞረችው። «የሆዴን ያወቀልኝ እሱ ነው፤ ምረጡልኝ» እያለች ደጅ ለደጅ ለመነች። የምርጫው ዕለት መራጩ ሁሉ ከቀበሮ ኋላ ተሰለፈ። አያ ጅቦማ አጥንት ስለ ተሰጠው፣ ከተቆጠረ በኋላ እየሮጠ ከሰልፉ ጭራ እንደገና ይቆም ነበር። ቀበሮ ተመረጠ። ጅብንም በር ጠባቂ አድርጎ ይዞት ሄደ።

አደይ ፈነዳ፤ ረገፈም። ዝሆን የሚባል ግን አልመጣም። ሌላም ዓመት እንዲሁ አለፈ። በአንድ የበጋ ጠዋት ዳለቻ እንደ ልማዷ አፋፉ ላይ ቆማ አናፋች። ከማዶ መልስ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። «ነፋሱ ይሆናል» ብላ ራሷን አጽናናች። ነፋስ ግን አልነበረም፤ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም ነበር። ሆዷ አልችል ሲላት ተነሥታ ወደ ሸንጎው ከተማ ገሰገሰች።

በሩ ላይ አያ ጅቦ ተጋድሟል።

«እንደምን ዋልክ፣ አያ ጅቦ? የተከበሩ ቀበሮ አሉ?»

«የሉም።»

«የት ሄዱ?»

«ቆይ፣ ገብቼ ልጠይቃቸው» አለና ገባ። ወዲያው ተመለሰ። «"ስብሰባ ሄደዋል በላት፤ የመንገዱም ጉዳይ በሂደት ላይ ነው በላት" ብለውኛል።»

«ዝሆኖቹ መቼ ይመጣሉ?»

«የምን ዝሆን?» አለ ጅብ። «እኔ ከመጣን ወዲህ ከዚህ በር ርቄ አላውቅም፤ በሸንጎው ስለ ናዳ ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። እንዲያውም አንድ ቀን ጦጣ "የአገርህን ጉዳይ ለምን ለሸንጎው አታነሣም?" ብትላቸው፣ "መንገዱ ከተከፈተ በሚመጣው ምርጫ ምን ልላቸው ነው?" ብለው ከት ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምኑ እንደሚያስቅ ግን እስካሁን አልገባኝም።»

የዳለቻ ጆሮዎች ወደ ታች ወደቁ። የመጣችበትን መንገድ ይዛ ተመለሰች።

የምርጫ ዘመን እንደገና ደረሰ። ቀበሮ ጠጉሩ አብረቅርቆ፣ ሆዱ ሞልቶ ጎራ በር መጣ። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። ዳለቻ ከጅብ የሰማችውን ልትናገር ወደ ፊት ወጣች። ቀበሮ ግን ቀደማት።

«እትዬ ዳለቻ! ከቦሪት መልእክት ይዤልሽ መጣሁ። በሸንጎው ሥራ ማዶ ዞሬ አገኘኋት።»

ዳለቻ ልትናገር የመጣችው ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«አየኻት?» አለች። የተከበሩትን «አንተ» እንዳለች እንኳ ልብ አላለችም።

«በእነዚህ ዓይኖቼ! አምሮባታል፤ "እናቴን ሳሙልኝ" ብላለች።»

ዳለቻ ዓይኗን ጨፈነች። ለጥቂት ጊዜ ያንን ቃል እንደ ውሃ ጠጣችው። ልታምነው በጣም ፈለገች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ጠየቀች፦

«ያ የግራ እግሯስ? አሁንም ታነክሳለች?»

ቀበሮ ያዘነ መሰለ። «ትንሽ ትንሽ ያማታል። ግን አታስቢ፤ ሐኪም ልኬላታለሁ።»

«ልጄ አንክሳ አታውቅም» አለች ዳለቻ።

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ውሸቱ እውነት በሆነላት ምን በወደደች!

«ናፍቆቴን ምርኩዝ አድርገህ ከፍ ከፍ አልክበት፤ ተሸክሜ ያዞርኩህም እኔው ነኝ» አለችው። ወደ ሕዝቡም ዞራ «እኔ ወደ ናዳው መሄዴ ነው። እንደራሴ መሆን የሚፈልግ እዚያ ያግኘን» ብላ መንገድ ጀመረች። ከርከሮ ተነሥቶ ተከተላት። ፍየል ተከተለች፤ በሬዎቹም ተነሡ።

«ወገኖቼ! ንግግሬን እኮ አልጨረስኩም!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። አጥንት ይታደላል ብሎ ከተቀመጠው ከጅብ በቀር የሚሰማው አልነበረም።

ናዳው ላይ ከርከሮ በክራንቻው አፈሩን ይፍቃል፤ በሬዎቹ ቋጥኙን ይገፋሉ፤ ሌላው ድንጋዩን እየተቀባበለ ያወጣል። ጥንቸል ላቧን እየጠረገች «ግን ምርጫው መቼ ሊሆን ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ዞር ብለሽ እይ» አለቻት ፍየል። ጎራ በር በሙሉ ከከርከሮ ኋላ ተሰልፎ ነበር።

ክረምቱ ሳይገባ መንገዱ ተከፈተ። መጀመሪያ ያለፈችው ዳለቻ ናት። ልቧ እየዘለለ፣ እግሯ እየተደናቀፈ ማዶ ደረሰች። መስኩ ባዶ ነበር። ሣሩ አሯል፤ ምንጩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከአንድ ቋጥኝ ሥር አሮጊት ኤሊ አንገቷን አወጣች።

«እማማ፣ ቦሪትን ያውቋታል?»

«ግንባረ ነጯን? እንዴት አላውቃትም፣ ልጄ! ውሃው ሲነጥፍ መንጋው ወደ ቆላ ወረደ። እሷ ግን የቀበሮን ቃል ከሸንጎ ከሚመጣ መንገደኛ ሰምታ "የእናቴ አገር እንደራሴ መርጧል፤ መንገዱ ዛሬ ነገ ይከፈታል" ብላ ብቻዋን ቀረች። እዚህ አፋፉ ላይ ቆማ ነበር የምትውለው። በኋላ ሆዷ እየገፋ ጥሙም ሲጠናባት ወረደች። ዞር እያለች እያየች ነው የሄደችው።»

ዳለቻ ልጇ በቆመችበት ቆመች። ከዚያ ጎራ በር ወለል ብላ ትታያለች። ለካ ቦሪትም ስትጠብቅ የኖረችው ያንኑ የቀበሮ ቃል ነበር።

ፊቷን ወደ ቆላ አዙራ አናፋች። ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ምንም የለም።

«ቆላው ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው። አገሩም ሰፊ ነው» አለች ኤሊ።

ከኋላዋ ከርከሮ አፈር እንደ ለበሰ መጣ። «እትዬ ዳለቻ፣ ሊመሽ ነው። እንመለስ።»

«እናንተ ተመለሱ። ብቻ መንገዱን እንዳትዘነጉት። እግዜር ካለ ሦስት ሆነን እንመጣ ይሆናል» አለችና ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ከርከሮ ግራጫ ጀርባዋ ከድንጋዩ ተመሳስሎ እስኪጠፋበት ድረስ ቆሞ አያት።

ከዚህ የምንማረው፣ ድምፃችንን፣ ናፍቆታችንን አሳምሮ ለሚናገርልን ሳይሆን ድንጋዩን አብሮን ለሚያነሣ መስጠት እንዳለብን፣ ዘግይቶ የተከፈተ መንገድም የሄዱትን እንደማይመልስ ነው።